ዊልያም ሄርሸልና በጓሮው የተከለው መነጽር

ከብዙ ዘመን በፊት በጀርመን አገር ሐኖቨር በምትባል ከተማ ይስሐቅ ሄርሸል የሚሉት የወታደር ሙዚቀኛ ይኖር ነበር። ይህም ሰው ድኻና ብዙ ልጆች ያሉት ነበረ፤ ከልጆቹም አንዱ ዊልያም በኖቬምበር 15 ቀን 1738 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቀው። ይስሐቅ ለልጆቹ የሚያወርሰው ርስት አልነበረውም፤ ነገር ግን ሙዚቃ አስተማራቸው፤ ጥርት ባለና ብርድ በበዛበት ሌሊትም ትንሿን ልጁን ካሮላይንን ወደ መንገድ አውጥቶ ከዋክብቱን በጣቱ አሳያት።

ዊልያም ገና ብላቴና ሳለ እንደ አባቱ ከወታደር ሙዚቀኞች ጋራ ተቈጥሮ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ ዕቃ ይነፋ ጀመር። በ1757 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ሐኖቨርን በወጉ ጊዜ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ሸሽቶ ሄደ። በዚያም በመጀመሪያ የሙዚቃ ጽሑፍ እየገለበጠ በጥቂት ገንዘብ ይኖር ነበር፤ ኋላ በ1766 ዓ.ም. ባዝ በምትባል ከተማ በአንድ ጸሎት ቤት ኦርጋን መቺ ሆነ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አገኘ፤ ኑሮውም ተሻሻለ።

እኅቱ ካሮላይን በሐኖቨር ቀርታ ነበር። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ተስቦ ይዟት ስለ ነበረ ከዚያ በኋላ ቁመትዋ እምብዛም አላደገም፤ ጐልማሳ ከሆነች በኋላም 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበረች። እናትዋ ለቤት ሥራ እንድትቀርላት ፈልጋ ብዙ ትምህርት አልፈቀደችላትም። በ1772 ዓ.ም. ዊልያም መጣና በእኅቱ ፈንታ አገልጋይ የሚቀጠርበትን ገንዘብ ለእናቱ መድቦ ካሮላይንን ይዟት ወደ ባዝ ተመለሰ። ይህ ቸርነት ለእርሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚጠቅመው በዚያ ቀን አላወቀም።

በማግሥቱ ዓመት ሄርሸል ስለ ከዋክብት የሚናገር መጽሐፍ ገዛ። ቀኑን ሙዚቃ ሲያስተምር ውሎ ማታ መጽሐፉን ይዞ ወደ አልጋው ይሄድ ነበር። ነገር ግን ያነበበውን በዐይኑ ለማየት ወደደ፤ ለዚህ የሚሆን ትልቅ መነጽርም ዋጋው ከዐቅሙ በላይ ሆነበት። ስለዚህ በገዛ እጁ ሊሠራ ቈረጠ።

ልጆች ሆይ፥ የሄርሸል መነጽር ሽማግሌዎች ለንባብ እንደሚያደርጉት ያለ አይደለም። ረጅም ቱቦ ነው፤ በቱቦው ግርጌ እንደ ሳሕን ጥቂት የጐደጐደ መስታወት ይቀመጣል፤ መስታወቱም የኮከቡን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ተመልካቹ ዐይን ይመልሰዋል። በዚያ ዘመን መስታወቱ ከብርጭቆ አልነበረም፤ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲበርድም ፊቱ እስኪያበራ ድረስ ይፈተጋል፤ ይወለወላል። ቅርጹ የሚሠራው ከፈረስ ፋንድያ በተዘጋጀ አፈር ነበረ። ይህንንም ካሮላይን በሙቀጫ ትወቅጠው፥ በቀጭን ወንፊትም ትነፋው ነበር። አንድ መስታወት በሚወለወልበት ጊዜ እጅ ከመስታወቱ ላይ ቢነሣ ሥራው ይበላሽ ስለ ነበረ ሄርሸል አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ እጁን ሳያነሣ ሠራ። እኅቱም መጽሐፍ እያነበበችለት ምግቡን በጕርሻ ታበላው ነበር። የሚያምረው ቤታቸው የአናጢና የቀጥቃጭ ቤት ሆነ፤ ካሮላይንም በዚህ ማዘንዋን አልደበቀችም፤ ሥራውን ግን አልተወችም።

በማርች 1774 ዓ.ም. ሄርሸል በሠራው መነጽር የሳተርንን ቀለበት አየ። ይህም የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን ዙሐል የሚሉት ነው። ከዚያም ወዲያ ሌሊቱ ጥርት ባለ ቍጥር ከመነጽሩ አይለይም ነበር። ከቤት ወደ ቤት በተዛወረ ጊዜም የመነጽሩን ቦታ ይፈልግ ነበር። በአንደኛው ቤት ጨረቃ በፊት ለፊቱ በኩል ስለ ነበረች መነጽሩን አውጥቶ በመንገድ ላይ አቆመው። አንድ ሐኪም በዚያ ሲያልፍ አይቶ እንዲመለከት ለመነው፤ በማግሥቱም ሊያመሰግነው መጣ። ይህም ሰው ወዳጅ ሆነውና ከሎንዶን ሊቃውንት ጋራ አስተዋወቀው።

ኋላ በኒው ኪንግ መንገድ ቍጥር 19 ወደሚገኘው ቤት ተመለሱ። ቤቱ ጠባብ ሲሆን በስተ ኋላው ወደ ደቡብ የተከፈተ ጓሮ ነበረው። በማርች 13 ቀን 1781 ዓ.ም. ከምሽቱ በአራትና በአምስት ሰዓት መካከል ሄርሸል በዚህ ጓሮ ሰማይን ሲመረምር ከሌሎች ከዋክብት የሚለይ፥ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ የሚታይ ነገር አገኘ። ከጥቂት ቀን በኋላም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ አየው። እርሱ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። የሂሳብ ሊቃውንት መንገዱን ባሰሉት ጊዜ ግን ከሳተርን በስተ ውጭ ፀሐይን የሚዞር አዲስ ዓለም ሆኖ ተገኘ። ከጥንት ጀምሮ ሰዎች በዐይናቸው ከሚያውቋቸው ተዘዋዋሪ ከዋክብት ሌላ አንድ እንኳ ተጨምሮ አያውቅም ነበር። ዛሬ ኡራኖስ ይባላል፤ አንድ ጊዜ ፀሐይን ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅበታል።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሄርሸል ከዚህ የሚበልጥ መስታወት ሊያፈስስ በቤቱ ምድር ላይ እቶን ሠራ። በሁለተኛው ሙከራ የቀለጠው ብረት ከእቶኑ ሾልኮ በወለሉ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ድንጋዩም በሙቀቱ እየፈነዳ እስከ ጣራ ድረስ ተስፈነጠረ፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ሸሹ። ሄርሸል በድካምና በሙቀት ዝሎ በጡብ ክምር ላይ ወደቀ፤ ሰው ግን አልሞተም።

ንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ ስለ አዲሱ ኮከብ በሰሙ ጊዜ በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ ቈረጡለት። ይህ ገንዘብ ከሙዚቃ ከሚያገኘው ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ለሰማይ ሥራ የሚያውልበት ስለ ሆነ ተቀበለ። በ1782 ዓ.ም. ወደ ዊንድሶር ቤተ መንግሥት አጠገብ ዳቸት ወደምትባል መንደር ሄደ። ቤቱ ብዙ ጊዜ ሰው ያልኖረበት፥ ግቢውም አረም የዋጠው ነበረ። ሄርሸል ግን ሰፊ ግቢና የፈረስ ጋጥ አገኘ፤ ጋጡን የመስታወት መፈተጊያ አደረገው። በግቢውም 20 ጫማ፥ ማለት 6 ሜትር የሚረዝም መነጽር በእንጨት መደገፊያ ላይ ተከለ።

ይህ መነጽር የሚቆመው ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ነበረ። የአገሩ አየር ግን ለከዋክብት ተመልካች ጠላት ነው፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይደመናል፤ ክረምቱም እጅግ ብርዳም ነው። የቴምዝ ወንዝ ቅርብ ስለ ሆነ ሜዳው እርጥበት ያዘለ ነበር። ሄርሸል ንዳድ እንዳይዘው ፊቱንና እጁን በጥሬ ሽንኩርት ያሽ ነበር። ለራሱ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ ለመስታወቱ ይልቁን መጠንቀቅ ነበረበት። በመስታወት ላይ ብትተነፍስ ፊቱ እንደሚደበዝዝ ታውቃለህ፤ ጤዛም በመነጽሩ መስታወት ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ብዙ ከቈየበትም ብረቱን ያጠቍረዋል። ደግሞ መስታወቱ ከሙቅ ቤት ወጥቶ ወዲያው ቢታይበት ሙቀቱ ከውጭው ቅዝቃዜ ጋራ እየተጋጨ፥ በከሰል ምድጃ ላይ ያለ አየር እንደሚርገበገብ፥ ኮከቡን ያርገበግበዋል። ስለዚህ መስታወቱን ሙቅ ቤት ውስጥ መሸሸግ አይጠቅምም፤ በውጭ መተውም ያበላሸዋል። ሄርሸል በዕድሜው ሁሉ ከዚህ ጣጣ ጋራ ታገለ።

በ1783 ዓ.ም. መግቢያ በአንድ ሌሊት ብርዱ ከውሃ መርጊያ በታች 12 ዲግሪ ያህል ደረሰ። ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ቀለሙ በቤት ውስጥ ይረጋ ጀመር፤ በዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በቱቦው ውስጥ የነበረው መስታወት በድንገት ጮኾ ለሁለት ተሰነጠቀ። የብዙ ሳምንት ድካም በአንድ ድምፅ ጠፋ። በሌላ ጊዜም ኀይለኛ ነፋስ በነፈሰበት ሌሊት ሄርሸል ከመነጽሩ መሰላል ወርዶ እግሩ ምድር እንደ ነካ የእንጨቱ መደገፊያ ሁሉ ተናደ። የቀን ሠራተኞችን ቀስቅሰው መስታወቱን ከፍርስራሹ ውስጥ ቢያወጡት በእግዚአብሔር ቸርነት አልተጐዳም፤ በማግሥቱ ግን ለአናጢዎች ብዙ ሥራ ሆነ።

ካሮላይን በሌሊት ሥራ ከወንድምዋ አትለይም ነበር። እርሱ ዐይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ ያየውን ይነግራታል፤ እርስዋም ሰዓቱን አይታ ትጽፋለች። ተመልካቹ ራሱ ቢጽፍ ዐይኑ መብራት አይቶ ለጨለማው ይደነግዝበት ነበርና። በዲሴምበር 31 ቀን 1783 ዓ.ም. ሌሊት ምድሩ በሚቀልጥ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ወንድምዋ ከመነጽሩ ማዞሪያ አንዱን እንድታስተካክል አዘዛት። በጨለማው ስትሮጥ አዳልጧት ሥጋ ሻጮች ሥጋ እንደሚሰቅሉበት ባለ የብረት መንጠቆ ላይ ወደቀች፤ መንጠቆውም ጭንዋን ወጋት። ሄርሸል ነገሩን ሳያውቅ ቶሎ እንድትል ሲጠራት መያዝዋን ብቻ ነገረችው። እርሱና ሠራተኛው ሮጠው አነሡአት፤ ከሥጋዋ ግን ጥቂት በመንጠቆው ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ ስለዚያ ሌሊት ስትጽፍ የተጽናናችበት ነገር ሰማዩ በቀረው ሌሊት ደምኖ ወንድምዋ ሳያይ የቀረው ኮከብ አለመኖሩ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ ሴቶቹ ልጆች ግን አይስቁም።

በ1786 ዓ.ም. ወደ ስላው መንደር ተዛወሩ። በዚያም ሄርሸል በንጉሡ ገንዘብ 40 ጫማ፥ ማለት 12 ሜትር የሚረዝም መነጽር ሠራ፤ ወጪውም 4000 ፓውንድ ነበረ። ቱቦው ከብረት ሰሌዳ ተሠርቶ ሰው በውስጡ ለማለፍ ይችል ነበር። ገና በምድር ላይ ተጋድሞ ሳለ ንጉሡ አንድ ሊቀ ጳጳስ አስከትለው በውስጡ አልፈውበታል። መስታወቱ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል፥ ክብደቱም ወደ 1000 ኪሎ የሚጠጋ ነበረ። ይህንን የሚሸከመው የእንጨት ማማ በክብ የጡብ መሠረት ላይ በመንኰራኵር ይዞር ነበር። በግርጌው ለካሮላይን ትንሽ ጎጆ ተሠራላት፤ በላይ ያለው ተመልካችም በቧንቧ ይነግራት ነበር። ለመስታወቱ እርጥበት እንዳይገባበት ዳርቻው በወፍራም ጨርቅ የተያዘ የቆርቆሮ ክዳን አበጁለት። በኦገስት 28 ቀን 1789 ዓ.ም. ሄርሸል በዚህ መነጽር ከሳተርን ጨረቃዎች አንዲቱን አገኘ።

ሰው ሁሉ ይህን ትልቅ መነጽር ሊያይ ከሩቅ ይመጣ ነበር። እውነቱን ስንናገር ግን ከሥራው ይልቅ ዝናው በለጠ። ክዳን ቢኖረውም መስታወቱ ቶሎ ይደበዝዝ ነበር፤ እርሱን አውርዶ እንደ ገና ለመወልወል ብዙ ሰውና ብዙ ቀን ይፈልጋል። ማማውን ለማዘጋጀት ሲደክሙም ጥርት ያለው ሰዓት ያልፍ ነበር። ስለዚህ ሄርሸል ወደ 20 ጫማው መነጽር ተመለሰ። እንግዶች ብዙም ባላደነቁት በዚያ መነጽር እርሱና እኅቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በሰማይ ላይ እንደ ደመና የሚታዩ 2500 ያህል ብርሃኖችንና የከዋክብት ክምችቶችን መዘገቡ። መዝገቡን ሁሉ ካሮላይን በእጅዋ ገለበጠች። ደግሞ ወንድምዋ ወደ ጀርመን ሄዶ ሳለ በኦገስት 1 ቀን 1786 ዓ.ም. ብቻዋን በትንሽ መነጽርዋ ስትመለከት ጅራታም ኮከብ አገኘች፤ እስከ 1797 ዓ.ም. ድረስም ስምንት አገኘች። ንጉሡም በዓመት 50 ፓውንድ ሰጧት።

ዊልያም ሄርሸል በኦገስት 25 ቀን 1822 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ በስላው ዐረፈ። ካሮላይን ወደ ሐኖቨር ተመልሳ እስከ 1848 ዓ.ም. ኖረች፤ ስትሞት 97 ዓመትዋ ነበረ። ልጁ ጆን ሄርሸል አባቱ እየመራው በ1820 ዓ.ም. የሠራውን ባለ 20 ጫማ መነጽር በመርከብ ጭኖ ወደ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ሄደ፤ ከ1834 እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስም በእንግሊዝ አገር የማይታዩትን የደቡብ ከዋክብት መረመረ።

ከአፍሪካ ሲመለስ የትልቁ መነጽር ማማ በዝናብና በእርጥበት በስብሶ አገኘው፤ በልጆቹም ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ አስፈረሰው። በ1839 ዓ.ም. የመጨረሻ ሌሊት ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰብስቦ በቱቦው ውስጥ አስቀመጠና እርሱ ራሱ ያዘጋጀውን መዝሙር ዘመሩ። ቱቦውም ከዚያ በኋላ በግቢው ሣር ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ ኋላም ዛፍ ወድቆ አብዛኛውን ሰበረው። የተረፈው ቍራጭ በሎንዶን አጠገብ በግሪኒች ይገኛል፤ በባዝ ያለው ቤትና ያ ጠባብ ጓሮም እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው።