ብሩስ ሊ፤ ከሞተ በኋላ ፊልም ሲሠራ የኖረው ሰው

ብሩስ ሊ የተባለው የኩንግ ፉ ተዋናይ በ32 ዓመት ዕድሜው ሲሞት፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ ወዲህ በመሪ ተዋናይነት ጀምሮ የጨረሳቸው ፊልሞች አራት ብቻ ነበሩ። ከሞተ በኋላ ግን ስሙንና መልኩን፣ ጩኸቱንም ጭምር ተውሰው የተሠሩት ፊልሞች ከእነዚህ ከአራቱ እጅግ የበዙ ናቸው። በአገራችንም ቢሆን በልጅነቱ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ብሩስ ሊን አይቻለሁ የሚል ጎልማሳ፣ ያየው ራሱን ብሩስ ሊን ይሁን ወይስ ጥቁር መነጽር ያጠለቀ አስመሳዩን፣ አጥብቀው ቢጠይቁት የሚጠራጠር ይመስለኛል። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ቀብሩ ላይ ሊያቆም አይችልም፤ የታሪኩ እኩሌታ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አባቱ ሊ ሆይ ቹዌን በካንቶን ኦፔራ ስመ ጥር የሆነ ቀልደኛ ተዋናይ ነበር። ከቡድኑ ጋር አሜሪካን አገር እየዞረ ትርኢት በሚያሳይበት ጊዜ፣ በኖቬምበር 27 ቀን 1940 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሚገኘው የቻይናውያን ሆስፒታል ይህ ልጅ ተወለደለት። ዓመቱ በቻይናውያን ቁጥር የዘንዶ ዓመት ነበር። ሕፃኑ ገና ወራት ሳይሞሉት በአንድ ፊልም ውስጥ ታቅፎ ታየ፤ ወደ ሲኒማ የገባው በእግሩ ሳይሆን በእቅፍ ነው ማለት ይቻላል። ወላጆቹ በ1941 ዓ.ም. ወደ ሆንግ ኮንግ ይዘውት ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃፓኖች ከተማይቱን ያዙ፤ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስም አልለቀቁም።

ከጦርነቱ በኋላ ብላቴናው በአባቱ ሙያ ተሠማራ። ዕድሜው 18 እስኪሆን ድረስ ሃያ ያህል በሚሆኑ ፊልሞች ተጫወተ፤ በተመልካቹም ዘንድ ሊ ሲዩ ሉንግ፣ ማለትም ትንሹ ዘንዶ፣ በሚል ስም ታወቀ። የሚገርመው በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚጫወተው ወላጅ አልባውን ልጅ ወይም የመንገድ ዱርዬውን እንጂ የኩንግ ፉ ጀግናውን አልነበረም። ድብድቡን የሚያደርገው ከፊልም ውጭ በከተማው መንገድ ላይ ነበር፤ ለዚሁም ሲል ኢፕ ማን ከተባለው መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የተሰኘውን የውጊያ ስልት ተማረ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በቻ ቻ ዳንስ የሆንግ ኮንግ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን የኋለኛውን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ፊልሞቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ከእጁ ይልቅ እግሩን ቢከታተል፣ የዳንሰኛ እግር መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም።

የመንገድ ጠቡ ከፖሊስ ጋር ሊያጋጨው ሲቃረብ፣ ወላጆቹ በ1959 ዓ.ም. 100 ዶላር አስይዘው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሰደዱት። በሲያትል ከተማ ቀን ይማራል፣ በተረፈው ጊዜ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት ያስተናግዳል። በኋላም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የድራማ ትምህርት ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይመረቅ ወጣ። በዚሁ ከተማ ኩንግ ፉ ሲያስተምር የመጀመሪያ ተማሪው ጄሲ ግሎቨር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በዚያ ዘመን የቻይናን ጥበብ ለባዕድ ማስተማር በብዙ ቻይናውያን ዘንድ የሚወደድ ነገር አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. ሊንዳ ኤመሪ የምትባለውን አሜሪካዊት አገባ፤ ብራንደን የተባለ ወንድና ሻነን የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1966 ዓ.ም. «ግሪን ሆርኔት» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ካቶ የሚባለውን ሹፌር ሆኖ ተጫወተ። ተከታታዩ ከአንድ ዓመት አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ሆሊውድ ለቻይናዊ መልክ የሚሰጠው ሥራ ጥቂትና ትንንሽ ሆነበት፤ ኑሮውን የሚደግፈው ስቲቭ ማክዊንንና ጄምስ ኮበርንን የመሳሰሉ ከበርቴ ተዋናዮችን በግል በማስተማር ነበር። በ1970 ዓ.ም. ወገቡን ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ሲተኛ ስለ ውጊያ ያሰበውን ሁሉ በማስታወሻ ጻፈ። የሐሳቡም ፍሬ ነገር፣ አንድ ሰው በአንድ ስልት ከታሠረ በውጊያ ላይ እጁን ታስሮ እንደ ገባ ይቆጠራል የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና አንባቢ እንዳይዘነጋው።

በ1971 ዓ.ም. ጎልደን ሃርቨስት የተባለው አዲስ የሆንግ ኮንግ የፊልም ኩባንያ፣ በሬይመንድ ቻው መሪነት፣ ለሁለት ፊልም 15,000 ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። የመጀመሪያው «ታላቁ አለቃ» በታይላንድ በፓክ ቾንግ መንደር በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ነው። በዚያን ጊዜ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች የሚቀረጹት ያለ ድምፅ ነበር፤ ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ በሌሎች ሰዎች አፍ ይጨመርበታል። ከተዋናዩ ከንፈር ጋር አይገጥምም፤ ተመልካቹም ለምዶታል። ይህ ዘዴ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንድ ተዋናይ ድምፅ የራሱ መሆኑ ካልተፈለገ፣ ቆይቶ መልኩም የራሱ መሆኑ እንደማይፈለግ ማንም አልጠረጠረም።

«ታላቁ አለቃ» በሆንግ ኮንግ የገቢውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1972 ዓ.ም. «የቁጣ ቡጢ» ተከተለ፤ በዚህ ፊልም ብሩስ ሊ ቼን ጄን የተባለ ደቀ መዝሙር ሆኖ የመምህሩን ደም በሻንጋይ ከተማ ከጃፓኖች ይበቀላል፤ በመጨረሻም ጠመንጃ ወደ ደገኑ ወታደሮች ዘልሎ ሲወረወር ሥዕሉ በአየር ላይ ይቆማል፣ የተኩስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚያው ዓመት «የዘንዶው መንገድ» የተባለውን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዲሬክተር ሆኖ ሠራ፤ በሮማ ኮሎሲየም ከቸክ ኖሪስ ጋር ያደረገው ግጥሚያም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ቀጥሎ ያሰበው ከሁሉ የበለጠ ነበር። «የሞት ጨዋታ» በተባለው ፊልም ጀግናው ባለ ብዙ ፎቅ ግንብ ይወጣል፤ በየፎቁ አንድ አንድ የውጊያ ስልት የተካነ ጠባቂ ይጠብቀዋል፤ በላይኛው ፎቅ ያለው ግን ስልት የሌለው ነው። ይህንን የመጨረሻውን ቦታ የሰጠው ለተማሪው ለካሪም አብዱል ጀባር፣ ከ2 ሜትር በላይ ለሚረዝመው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። በሕመም አልጋ ላይ የተጻፈው ሐሳብ ወደ ፊልም ሊለወጥ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በመካከሉ ከአሜሪካ ዋርነር ብራዘርስ «ኤንተር ዘ ድራገን» የተባለውን ሥራ ይዞ መጣ፤ ብሩስ ሊም የራሱን ፊልም አቁሞ ወደዚያ ሄደ።

በሜይ 1973 ዓ.ም. በስቱዲዮ ውስጥ ሳለ ወድቆ በሐኪሞች ትግል ተረፈ። በጁላይ 20 ቀን ግን ለራስ ምታት የሚሆን ኪኒን ውጦ እንደ ተኛ አልነቃም፤ አንጎሉ አብጦ ነበር። መርማሪዎቹ የሞቱ ምክንያት በመድኃኒቱ አለመስማማት የደረሰ አደጋ ነው ብለው ወሰኑ። በሆንግ ኮንግ ብዙ ሺሕ ሕዝብ አለቀሰለት፤ አስከሬኑም በሲያትል ሲቀበር ማክዊንና ኮበርን ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል ነበሩ። «ኤንተር ዘ ድራገን» ከወር በኋላ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንግባ። ገበያው ብሩስ ሊን ጠየቀ፤ ብሩስ ሊ ግን የለም። መጀመሪያ የተደረገው ያለውን ሥራ ስም እየቀየሩ መሸጥ ነው። «የዘንዶው መንገድ» በ1974 ዓ.ም. አሜሪካን አገር ሲታይ «የዘንዶው መመለስ» ተብሎ የ«ኤንተር ዘ ድራገን» ተከታይ ሆኖ ቀረበ፤ የተሠራው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበር። የድሮዎቹ የ«ግሪን ሆርኔት» ቁራጮችም ተቀጣጥለው ለሲኒማ ቤት ፊልም ሆኑ።

ይህ ሲያልቅ ምትክ ተፈለገ። የታይዋኑ ሆ ቹንግ ታኦ ብሩስ ላይ ተባለ፤ ሌላው ብሩስ ሌ፣ የኮሪያው ደግሞ ድራገን ሊ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ እንኳ ልዩነቱ የአንዲት ቅንጣት ነው፤ የማስታወቂያ ወረቀቱንም የሚያትሙት ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጥሩ ስፖርተኞች እንደ ነበሩ መካድ አይገባም፤ ጥፋቱ በራሳቸው ስም እንዳይታወቁ ያደረጓቸው ነጋዴዎች ነው። «የቁጣ ቡጢ» ጀግናው የሞተበት ፊልም ስለሆነ ተከታይ ሊኖረው አይገባም ነበር፤ ሆኖም በ1976 ዓ.ም. ያው የመጀመሪያው ዲሬክተር ሎ ዌይ «አዲሱ የቁጣ ቡጢ» ብሎ ጃኪ ቻን የተባለውን ወጣት በቦታው አቆመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኩባንያ ደግሞ ለሟቹ ወንድም ፈጥሮ፣ ብሩስ ላይን ደም መላሽ አድርጎ «ክፍል ሁለት» አወጣ። ወንድም መፍጠር በእነዚህ ፊልሞች ዘንድ የተለመደ መድኃኒት ነው። ጃኪ ቻን ሁለተኛ ብሩስ ሊ መሆን አልሆነለትም፤ በ1978 ዓ.ም. ማሳቅ ሲጀምር ብቻ ገነነ።

ከዚያ ወዲያ ልጓም ጠፋ። በ1977 ዓ.ም. በተሠራ አንድ ፊልም ብሩስ ሊ ሲኦል ወርዶ ከድራኩላ ጋር ይደባደባል፤ በሌላው ደግሞ አንድ ሳይንቲስት ከሬሳው ሕዋስ ወስዶ ሦስት ብሩስ ሊዎችን ያበቅላል። ይህ የኋለኛው፣ ሳያስበው፣ ስለ ራሱ ሠሪዎች እውነቱን የተናገረ ፊልም ይመስለኛል።

እነዚህስ ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን የመጡ ናቸው። የሚያሳዝነው ጎልደን ሃርቨስት በእጁ ባለው በ«የሞት ጨዋታ» ላይ ያደረገው ነው። በ1978 ዓ.ም. ኩባንያው የግንቡን ታሪክ ትቶ ስለ አንድ የፊልም ተዋናይ አዲስ ታሪክ አጻፈ፤ ብሩስ ሊ ከቀረጸው ውስጥ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ መጨረሻው ላይ ገባ፤ የቀረውን ምትኮች በጨለማና በመነጽር ተሸፍነው ሞሉት። በአንድ ቦታ የብሩስ ሊ ፊት ከካርቶን ተቆርጦ በመስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ምትኩ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ይታያል። ጀግናው የሞተ መስሎ የሚደበቅበት ክፍል ሲደርስ ደግሞ የታየው የእውነተኛው ብሩስ ሊ የሆንግ ኮንግ ቀብር ነው፤ በሣጥን ውስጥ የተኛው ፊቱ ጭምር። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በሕይወት ነበሩ። ትኬት ለመሸጥ የሰው ሬሳ ማሳየት በየትኛውም አገር ልማድ የሚያስነውር ነው።

በ1981 ዓ.ም. «የሞት ጨዋታ ክፍል ሁለት» ሲመጣ አዲስ የቀረ ቁራጭ ስላልነበረ፣ ከሌሎች ፊልሞቹ የተረፈውን፣ በልጅነቱ የተጫወተውንም ሳይቀር አምጥተው ትዝታ ነው አሉት። ከፊልሙ መካከል ላይ ጀግናው ይሞታል፤ ወንድሙም ይተካል። በድብድቡ በኩል ከቀደመው የተሻለ መሆኑን ግን መመስከር አለብን።

በ1978ቱ ፊልም ውስጥ ተዋናዩ የሚመታው፣ በፊልም ቀረጻ ላይ ባዶ መሆን ከነበረበት ጠመንጃ በወጣ እውነተኛ ጥይት ነው። በማርች 31 ቀን 1993 ዓ.ም. ልጁ ብራንደን ሊ «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲቀርጽ፣ ባዶ ነው ከተባለ ሽጉጥ በወጣ ነገር ተመትቶ በ28 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ በምትክ ሰውና በኮምፒዩተር በተገጠመ ፊት ተፈጸመ፤ በዚህ ጊዜ ግን እናቱ ሐሳቡን ደግፋው ነበር። ከዚያም ለ«ዘ ክሮው» ተከታዮች ተሠሩለት። አባትና ልጅ በሲያትል ጎን ለጎን ተቀብረዋል።

ጎልደን ሃርቨስት ያልተጠቀመበት የ«የሞት ጨዋታ» ቅጂ ከዓመታት በኋላ ተገኝቶ፣ በ2000 ዓ.ም. በጆን ሊትል በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ብሩስ ሊ ባቀደው ቅደም ተከተል ለሕዝብ ታየ። ርዝመቱ ከ30 ደቂቃ በላይ ነው። ቢጫ ልብስ የለበሰው ሰው በዚህ ቅጂ ራሱ ብሩስ ሊ ነው፤ ድካሙም፣ ከካሪም ጋር ከተጋደለ በኋላ ደረጃውን ሲወርድ መንገዳገዱም የራሱ ነው። በግንቡ ውስጥ የተቀረጹት ሦስቱ ፎቆች ናቸው፤ የቀሩት በእጁ በጻፋቸው ወረቀቶች ላይ ብቻ አሉ።