በመጥረጊያ የተፈተነው ወጣት

በወላይታ ሶዶ ኦቶና ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ የገቡት የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ወንጌልንና ሕክምናን አብረው የሰጡበት ስፍራ ነው፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኗል። በዚሁ ከተማ በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆቻችን የሥራ ማስታወቂያ ሲያነቡ ግን አንድ መስመር ያስቆማቸዋል፤ የሥራ ልምድ ይጠየቃሉ። ልምድ የሚገኘው በሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ ያለ ልምድ አይገኝም። ታዲያ ከየት ይጀመር? ለዚህ ጥያቄ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ክርስቲያን ሕይወት ያስተምረናል።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1856 በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ። በ1865 ነጻ ሲወጡ ቤተሰቡ ማልደን ወደምትባል ከተማ ሄደ። በዚያም በልጅነቱ በጨው ማምረቻ፣ ቀጥሎም በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠራ።

ከዚያ ወይዘሮ ቫዮላ ራፍነር ቤት በወር 5 ዶላር የቤት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሴትየዋ ጥብቅ ስለነበሩ ከእርሱ በፊት የተቀጠሩት ልጆች ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አልቆዩም። ቡከር ግን የሚፈልጉትን አስተዋለ፤ ንጽሕና፣ ቅልጥፍናና እውነተኛነት ነበር። እርሱም ይህን ተማረ። የምስክር ወረቀት አልተሰጠውም፤ ሙያው ግን በእጁ ገባ።

በ1872 በ16 ዓመቱ ሃምፕተን የተባለውን የጥቁሮች ትምህርት ቤት ፍለጋ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ሪችመንድ ከተማ ሲደርስ ገንዘቡ አልቆ ከእግረኛ መንገድ ሥር አደረ፤ መርከብ በማራገፍም ስንቁን አገኘ። ሃምፕተን ሲገባ በኪሱ የቀረው 50 ሳንቲም ብቻ ነበር። ልብሱ ቆሽሾ ስለነበር መምህርቷ ሜሪ ማኪ ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ሌሎች ሲገቡ እርሱ ቆሞ ጠበቀ። ከሰዓታት በኋላ አንድ ክፍል እንዲጠርግ አዘዙት።

ቡከር ፈተናው ይህ እንደሆነ ገባው። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠረገ፤ አቧራውን አራት ጊዜ ወለወለ። መምህርቷ መሐረባቸውን በግድግዳው እንጨትና በጠረጴዛው ላይ ቢያሹ አንዳች አቧራ አጡ። ቡከርም ገባ፤ ለምግቡና ለማደሪያው መክፈያ እንዲሆነው የጽዳት ሥራ ተሰጠው። በዚያው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስን መውደድ ተማረ፤ ከዚያ ወዲያ ማለዳ ሥራ ሳይጀምር ቃሉን የማንበብ ልማድ ነበረው።

በ1881 በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት በ30 ተማሪዎች ጀመረ። ጡብ መሥራት ስላልለመዱ ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቱም ከሸፈ። ቡከር ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ ለአራተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ ተሳካላቸው። ከዚያ ጡባቸውን የአካባቢው ነጮች ሳይቀሩ ገዟቸው። በ1915 ሲሞት ትምህርት ቤቱ ከ100 በላይ ሕንፃዎች ነበሩት።

ወጣቶች ሆይ፣ ቡከር በር ያስከፈተው ራፍነር ቤት የለመደው ጽዳት ነው። በቤተ ክርስቲያን ወንበር ማስተካከል፣ የሰንበት ትምህርት መዝገብ መያዝ፣ በዘመድ ሱቅ ሒሳብ መሥራት ሁሉ ልምድ ነው። ሥራችሁን ያየ ሰው ይመሰክርላችኋል፤ ምስክርነቱን በጽሑፍ ለመጠየቅ አትፈሩ። በቆላስይስ 3፥23 እንደተማርነው የምንሠራው ለጌታ ነው፤ በሉቃስ 16፥10 ደግሞ በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ተነግሮናል።

ሽማግሌዎችና የንግድ ሰዎች ሆይ፣ ለእኛም ድርሻ አለን። መምህርት ማኪ ወረቀት ቢጠይቁ ኖሮ ቡከር ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እርሳቸው ግን መጥረጊያ ሰጡት። በየጉባኤያችን ያለ ልምድ የተቀመጡ ልጆች አሉ። ቢያንስ ለአንዱ ችሎታውን የሚያሳይበት ሥራ እንስጠው።

ጌታ ይርዳን።