ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ዘመናዊ ሕክምናን የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም

በሐረር ጀጎል ግንብ ምሥራቃዊ ወገን የሚገኘው ኤረር በር ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚገባ መንገደኛ በሐረር ያልፍ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ መንገድ ወደ ትውልድ አገራቸው ከተመለሱት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ በ1865 እ.ኤ.አ. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለውን ስምም ከአሳዳጊዎቻቸው አገኙ። በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ ከዚያም በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ።

ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አይናገሩም ነበር። ድንኳን ተክለው በአስተርጓሚ ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። ዝናቸውን የሰሙት አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተዋቸው የጠፋ ስማቸውን መለሱላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ከሐረር ወደ ኦጋዴን ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ተሰለፉ።

በበርማ የነበራቸውን ሥራ ፈጽመው በ1919 ጠቅልለው ከገቡ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አገልግለዋል። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የበላይ ተቆጣጣሪም ነበሩ። ከዚያም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን የሥራቸው ማዕከል በማድረግ በመንገድ ሥራና በአስተዳደር መሻሻል ደክመዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ድጋፍ ያሰባስቡ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ መሐንዲስ የነበሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ። ይህን ኀዘን በስደት ተሸክመው ከነጻነት በኋላ ተመለሱ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በሌላ አገር ተደላድለው መኖር ሲችሉ ዕውቀታቸውን ለወገናቸው ማዋልን መርጠዋል። ሐኪም የሚለው መጠሪያ እስከ ዛሬ ከስማቸው አልተለየም። ዛሬ በሐረርም ሆነ በሌሎች ከተሞች አንድ ተገልጋይ በገዛ ቋንቋው ሕመሙን ለአገሩ ልጅ አስረድቶ መታከሙ የተለመደ ነገር ነው፤ የዚህ አገልግሎት ጅማሬ ግን በአስተርጓሚ ሕሙማንን ሲያክሙ ከነበሩት ከእኚህ ሐኪም ድንኳን ይነሣል።