ዳዶ ያሸነፈው ብስክሌተኛ

አዳማ ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ጎራ ያለ ሰው ካምቢዮ፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ቸርኬ ሲባል ይሰማል። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የካምቢዮን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች አንዱም ጣሊያናዊ ነው፤ ቱሊዮ ካምፓኞሎ ይባላል።

ቱሊዮ እ.ኤ.አ. በ1901 በሰሜን ጣሊያኗ ቪቼንሳ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ሱቅ ነበራቸው። የልጁ ልብ ግን ብስክሌት ላይ ነበር። በአማተርነት ይወዳደር እንጂ ስሙ የገነነው በድል አይደለም፤ በአንድ ሽንፈት ነው።

በዚያን ዘመን የኋላ ጎማ በግራና በቀኝ መጠናቸው የተለያየ ጥርሶች ነበሩት። ዳገት ሲመጣ ጋላቢው ይወርዳል፣ ዳዶውን ይፈታል፣ ጎማውን ገልብጦ ያስገባል፣ መልሶ ያጠብቃል። እንደሚተረከው በ1927 በኅዳር ብርድ፣ ቱሊዮ እየመራ ክሮቼ ዳውኔ የተባለው ዳገት ላይ ደረሰ። ጣቶቹ ደንዝዘው ዳዶውን መፍታት አቃተው። እሱ ሲታገል ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብርዱን ረግሞ በተወው ነበር። ቱሊዮ ግን ከአባቱ ሱቅ ጓሮ ገብቶ መላ ሲፈልግ ከረመ። ያገኘውም ጎማን ያለ መፍቻ፣ በአንድ እጅ የሚፈታና የሚያጠብቅ ማንሻ ነው። በ1933 በስሙ ድርጅት አቋቋመ።

ቀጥሎ ካምቢዮው መጣ። ጂኖ ባርታሊ የ1948ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በቱሊዮ ካምቢዮ ነው። እሱም ቢሆን ጣጣው ብዙ ነበር። ጋላቢው እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ጎማውን ያላላል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ ካቴናውን ያሻግራል። በ1951 ለገበያ የቀረበው ግራን ስፖርት ከዚህ ሁሉ ገላገለው፤ በሽቦ እየተሳበ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ይወስዳል። የእኛው ገረመው ደንቦባ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲጋልብ፣ ዳገት ስር ወርዶ ጎማ መገልበጥ ተረት ሆኖ ነበር።

ቱሊዮ በ1983 አረፈ። ድርጅቱን ልጁ ቫለንቲኖ ተረከበ፤ ገበያውን ግን የጃፓኑ ሺማኖ በሰፊው ወሰደበት። ያም ሆኖ ያቺ ማንሻ የፋብሪካ ስም ሳትመርጥ በዓለም ዙሪያ በብዙ ብስክሌቶች ላይ ትገኛለች። ክሮቼ ዳውኔ ላይ ዛሬ መታሰቢያ ቆሟል። የቆመውም ለአሸናፊው ሳይሆን ዳዶ መፍታት ላቃተው ሰው ነው።