ብሩስ ሊ፡ ከሆንግ ኮንግ እስከ ጊች

እኔ ብሩስ ሊን ያወቅሁት ፊልሙን ከማየቴ በፊት ነው፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ተወልጄ ያደግሁት ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በነበረችው የጊች መንደር ነው፡፡ መብራት የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፤ ሀብታችን ገብስና በግ፣ ጎረቤታችን ጭላዳ ነበር፡፡ አጎቴ ታዲያ ለገበያ ደባርቅ ሲወርድ እዚያው ያድርና፣ ማታ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያየውን ፊልም ይዞልን ይመጣል፡፡ ከኢሻ ሶላት በኋላ እሳት ዳር ሆኖ «ኢንተር ዘ ድራገን»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርክልናል፡፡ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ግን ብሩስ ሊን ለመረዳት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል! እግሩን ወርውሮ ሲያሳየን እናቴ ድስቷን ይዛ ትሸሽ ነበር፡፡

አጎቴ ሁለት ነገር አጥብቆ ይነግረን ነበር፡፡ አንደኛ፣ ያ የብረት እጅ ያለው ክፉ ሰውዬ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ ይታረቃል፡፡ ሁለተኛ፣ ብሩስ ሊ አልሞተም፤ ጠላቶቹን ሸሽቶ እንደኛ አገር ያለ ተራራ ላይ ይኖራል፡፡ ዛሬ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፡፡ የሰማኸውን ሳታጣራ አትጻፍ እየተባልኩ ነው የምማረው፡፡ አጣርቼ ያገኘሁትን ላጫውታችሁ፡፡

ብሩስ ሊ የተወለደው ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1940) በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው፡፡ አባቱ የቻይና ኦፔራ ተዋናይ ነበር፤ ለትርኢት ሄዶ ሳለ ነው ልጁ የተወለደለት፡፡ ቤተሰቡ በወራት ውስጥ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ፡፡ እኛ ከጣሊያን ወረራ በወጣንበት በዚያው ዓመተ ምሕረት ማለት ነው፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ሆንግ ኮንግ በተራዋ በጃፓን ተያዘች፡፡

ልጁ ገና በጨቅላነቱ ፊልም ላይ ታየ፡፡ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው 20 ገደማ ፊልሞች ሠርቷል፡፡ ከዚያ ውጪ ያለው ጊዜ የመንገድ ድብድብ ነው፡፡ ኢፕ ማን ከተባለው መምህር ዊንግ ቹን የሚባለውን ኩንግ ፉ ተማረ፡፡ የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ውድድር አንደኛ ወጥቷል! ያ ሁሉ የእግር ቅልጥፍና ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ፡፡

ድብድቡ ያስፈራቸው ወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ1959 መቶ ዶላር አስይዘው አሜሪካ ላኩት፡፡ ሲያትል ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ እያስተናገደ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ገባ፡፡ ጎን ለጎን ኩንግ ፉ ማስተማር ጀመረ፡፡ ጥቁር ሆነ ነጭ፣ የመጣውን ሁሉ ያስተምር ነበር፤ የመጀመሪያው ተማሪውም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሊንዳን አገባ፣ ሁለት ልጆችም ወለዱ፡፡

ሆሊውድ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የጠበቀው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1967 በቴሌቪዥን የታየበት ተከታታይ ፊልም ላይ የነጭ ጀግና ሾፌርና ረዳት ነበር፤ ፊቱም በጭንብል ተሸፍኖ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ወገቡ ተጎድቶ ወራት አልጋ ላይ ዋለ፤ ያን ጊዜ ሐሳቡን በማስታወሻ ሲጽፍ አሳለፈው፡፡ በኋላም «ኩንግ ፉ» የተባለ ተከታታይ ሲሠራ ዋናው ሚና ለእሱ ሳይሆን ለነጩ ዴቪድ ካራዲን ተሰጠ፡፡

እሱ ግን ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1971 «ዘ ቢግ ቦስ»ን፣ በ1972 ደግሞ ሌሎች ሁለት ፊልሞችን ሠርቶ እስያን አነቃነቀ፡፡ በሩን ገርበብ አድርጎ የነበረው ሆሊውድ አሁን ራሱ መጣ፡፡ በ1973 መጀመሪያ «ኢንተር ዘ ድራገን» እዚያው ሆንግ ኮንግ ተቀረጸ፡፡ ግንቦት ላይ ስቱዲዮ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ተረፈ፡፡ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ግን አንጎሉ አብጦ ሞተ፡፡ ዕድሜው 32 ነበር፡፡ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ከሞተ ከወር ገደማ በኋላ ነው፡፡ ምን አለፋችሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንኳኳው በር ሲከፈት እሱ አልነበረም፡፡

ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጠብቀው እንዲቆዩ ከተመረጡ የአሜሪካ ፊልሞች መዝገብ ገባ፡፡ በ2005 ደግሞ በጦርነት የተከፋፈሉት የሞስታር ከተማ ሰዎች የብሩስ ሊን ሐውልት አቆሙ፡፡ በራሳቸው ጀግኖች የማይስማሙ ሰዎች በእሱ ተስማሙ፡፡

እኔ ፊልሙን ያየሁት የጊች ሰው በ2008 ዓ.ም. ከመንደሩ ተነስቶ ደባርቅ ከሰፈረ በኋላ ነው፡፡ የከተማ ልጆች አነጋገሬን እየሰሙ ይስቁ ስለነበር፣ እርግጫ ልማር ብዬ ነው የገባሁት፡፡ የማስታውሰው ግን እርግጫውን አይደለም፡፡ መርከብ ላይ አንድ ጉልበተኛ ሊደባደበው ሲመጣ፣ ብሩስ ሊ አታልሎ ትንሽ ጀልባ ላይ ያሳፍረውና እጁን ሳያነሳ ባሕር ላይ ይተወዋል፡፡ ያን ቀን ብዙ አሰብኩ፡፡ የብረት እጁ ሰውዬ ደግሞ አይታረቅም፤ ጦር ላይ ተሰክቶ ይሞታል፡፡ አጎቴ ለካ መጨረሻውን ለእኛ ሲል ቀይሮት ኖሯል!

ባለፈው እረፍት ደባርቅ ስሄድ ያጣራሁትን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት፡፡ ዛሬ በግ የለውም፤ ሌሊት ሌሊት የሰው መጋዘን ይጠብቃል፡፡ ዝም ብሎ ሰማኝና የት እንደተቀበረ ጠየቀኝ፡፡ ያደገበት ሆንግ ኮንግ ሳይሆን ሲያትል መሆኑን ነገርኩት፡፡ ወንድ ልጁም እ.ኤ.አ. በ1993 ፊልም ሲቀረጽ በጥይት ሞቶ አጠገቡ እንደተቀበረ ጨመርኩለት፡፡ አጎቴ አንገቱን ደፋ፡፡ የእሱ አባት የተቀበሩት ጊች ነው፡፡ ብሩስ ሊ በሰው አገር መቅረቱን ብቻ ደጋግሞ እያነሳ ቆየ፡፡ እውነቱን መንገሬ ትክክል ቢሆንም እንዲህ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅሁም፡፡

ማታ የቤቱ ሕፃናት ተረት አምጣ አሉት፡፡ ፊልሙን እንደ ድሮው ተረከላቸው፡፡ መጨረሻ ላይ ብሩስ ሊ በ32 ዓመቱ እንደሞተና ከልጁ ጋር ሲያትል እንደተቀበረ ነገራቸው፡፡ ተራራው ላይ ይኖራል አላለም፡፡ የብረት እጁን ሰውዬ ግን አሁንም አስታረቀው፡፡ እኔም አላረምኩትም፡፡