ዓፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ
ዓፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ (የልደት ስም፦ ካሣ ኃይሉ፤ 1811 ገደማ – ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.) ከ1847 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ።

በዘመነ መሳፍንት ዘውዱ ጎንደር በተቀመጡ አቅመ ደካማ ነገሥታት ላይ ሲቀር፣ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር ላይ ነጋሪት በሚያስመቱት የየጁ ራሶች እጅ ነበር። ነጋሪት አዋጅ የሚነገርበትና ሠራዊት የሚጠራበት ከበሮ ሲሆን፣ ከእምቢልታና ከመለከት ጋር የሹመት ምልክት ነበር።

ካሣ ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የራስ ዓሊን ጦር ድል አደረጉ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው አነገሧቸው። በዚህም ዘውዱና ነጋሪቱ ዳግመኛ በአንድ ሰው እጅ ገቡ።

ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው፣ በአቅራቢያዋ ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ።

መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘውዶችን፣ ማኅተማቸውንና በርካታ ንዋያተ ቅድሳትን ዘርፎ ወሰደ። አንድ የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል፤ ማኅተሙን ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1957 ዓ.ም. ለዓፄ ኃይለ ሥላሴ አስረክበዋል። የወርቁ ዘውድ ግን እስካሁን ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።