ለጠላትም የጸለየች እናት

በዚህ እትም የምናነሣው ወር በገባ በ24 የምትታሰበውን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ሕይወት ነው። ብዙዎቻችን በጣና ባሕር ውስጥ ቆማ እንደጸለየች እናውቃለን። ወደዚያ ባሕር ምን እንዳደረሳት ግን እምብዛም አናወራም።

ክርስቶስ ሠምራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የሸዋ ቡልጋ ሴት ናት። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው ተዳረች፤ ብዙ ልጆችም ወለደች። ቤቷ የሞላ፣ አገልጋይ ያልጎደለበት ነበር።

አንድ ቀን ከአገልጋዮቿ አንዷ አስቆጣቻት። ገድሏ እንደሚተርከው በንዴት ትንታግ አንሥታ በልጅቷ አፍ ከተተችው፤ ልጅቷም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ በሠራችው ሥራ ደንግጣ አለቀሰች። ልጅቷ ከሞት ብትነሣላት ይህን ዓለም ትታ እንደምትመንን ለእግዚአብሔር ተሳለች። ልጅቷ ተነሣች፤ እርሷም ስለቷን አላጠፈችም። ሀብቷንና ትዳሯን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኰሰች።

ከዚያ በኋላ ወደ ጣና አቀናች። በጓንጉት ሴቶች መነኮሳት በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። በባሕሩ ውስጥ ለ12 ዓመት ቆማ እንደጸለየች፣ ዓሦችም በተበሳው ሰውነቷ እንደተመላለሱ ይነገራል።

ከጸሎቶቿ ሁሉ የሚያስደንቀን አንዱ ነው። ዲያብሎስ ይቅር ቢባል የአዳም ልጆችን ማሳቱን ይተዋል፣ ሰውም ከመጥፋት ይድናል ብላ አስባ ፈጣሪ እንዲታረቀው ለመነች። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወርዳ ዲያብሎስን ለእርቅ ጠራችው። እርሱ ግን ተቆጥቶ ወደ ጥልቁ ሳባት። ቅዱስ ሚካኤል በሰይፉ አስጣላት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ። የለመነችው እርቅ ባይሆንም ባዶ እጇን አልተመለሰችም።

ይህን ታሪክ በስብሰባችን ያነበብነው በክፉ ጊዜ ነበር። አገራችን ስትከፋፈል እኛም ለቡና ስንቀመጥ በየቋንቋችን መቧደን ጀምረን ነበር። የአገልጋይዋ ነገር ሲነበብ ከመካከላችን አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችን። በልጅነቷ በሰው ቤት ስታገለግል የተቃጠለችበት ጠባሳ ነው። ለዓመታት አብረን ዕቁብ ስንጥል አላየነውም ነበር። ከእኛ ውስጥ እንደ እርሷ በሰው ማድ ቤት ያደጉ አሉ፤ ዛሬ ሠራተኛ ቀጥረን የምናሠራም አለን። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባን። ስለ ሰላም ስንጸልይ ሁልጊዜ የምንቈጥረው የሌላውን በደል ነበር። ክርስቶስ ሠምራ ግን የጀመረችው ከራሷ ምድጃ ነው። በገዛ እጇ የሠራችውን በደል ያወቀች ሴት ስለነበረች፣ ይቅርታ የማይገባው አለ ብላ አላሰበችም ብለን እናምናለን። ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ሰው ሁሉ ደግ ስለሆነ አይደለም። የበደለ ሰው ሊመለስ፣ የሞተ ነገርም ሊነሣ ስለሚችል ነው።

ክርስቶስ ሠምራ ያረፈችበት በዓል ነሐሴ 24 ነው። ዘንድሮ በዚያ ቀን ቁጠባችንን ሰብስበን ስንጨርስ፣ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም በየእምነታችን ለአገራችን ሰላም እንጸልያለን። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳችን የበደልናትን አንዲት ሴት፣ ጎረቤትም ትሁን ምራት ወይም የቤት ሠራተኛ፣ ይቅርታ ልንጠይቅ ተስማምተናል። ደጋፊዎቻችንም ባላችሁበት ሆናችሁ በዚህ እንድትተባበሩን እንለምናለን።

ለሁላችንም ሰላሙን ያምጣልን።